የባዶ እጅ ሕግ

ባለፈው ሰሞን እንጅባራ መውጫ ላይ፣ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ከአስፋልቱ ዳር ደርድረው ከሚሸጡት ሰዎች ዘንድ የጫማ መደርደሪያ ላሠራ ቆሜ ነበር። ባለሙያው አንዱን ቀርከሃ አጋድሞ በገጀራ ሲሰነጥቀው ያ ሽታ ወጣ። እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ሸትቶህ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ አዲስ የታጨደ ሣርም ይመስላል፣ ዝናብ የጠገበ አፈርም ይመስላል። እኔን ግን አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብና መዳፉን ዘርግቶ የሚያሳይ አንድ ልጅ ነው ያስታወሰኝ። ሰውዬው የመደርደሪያውን ቁመት ደጋግሞ ጠይቆኝ ኖሯል፤ አልሰማሁትም።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ሰው ቶሎ የማምን ሰው አይደለሁም። ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ እሷ ድንች ስትገዛ እንኳ ከላይ ያለውን ትታ ከጆንያው ሥር ያለውን ነው ጎትታ የምታወጣው። እኔም ሰው ፈገግ ሲልልኝ መጀመሪያ የማስበው ምን ፈልጎ ነው ብዬ ነው። ስለዚህ የማወራህን ሁሉ በዚህ ዓይን የታየ ነው ብለህ ስማኝ።

ነገሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ያን ክረምት በግጭቱ ምክንያት ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል፤ ትምህርት ተቋርጧል፤ ነዳጅ የለም። እኔ ከዳንግላ ለትምህርት እንጅባራ መጥቼ እማማ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀረሁ። እማማ የምንላቸው አከራያችንን ነው፤ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ልባቸው ግን የሚራራ ሴት ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ያን ጊዜ ሲያወራ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ለእኔ ለተጠራጣሪዋ አገሩ ሁሉ እንደ እኔ የሆነ መሰለኝ፤ ሲሆን ደግሞ ደስ አይልም።

ጨዋታውን ያመጣው የእማማ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ሲማር ጓደኞቹ አስተምረውት ኖሮ፣ ፎቶኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አንዱ ዳኛ ይሆናል፣ የሌለ አገር ይተርካል። ሌሎቻችን በዚያ አገር ውስጥ ሰው ሆነን እንገባለን። በሩን አንኳኳለሁ፣ እሸሻለሁ፣ እመታለሁ እያልን የልባችንን እንናገራለን፤ ሆነ አልሆነ የሚለውን ዕጣ ይቆርጠዋል። ጭራቅ አለ፣ አስማተኛ አለ፣ ግንብ አለ። ዳኛው እሱ ነበር። እኔ ሰይፈኛ ሆንኩ። ነዳጅ አጥቶ ባጃጁን በሸራ ሸፍኖ ያቆመ የጎረቤት ሾፌር ደግሞ ቀስተኛ ሆነ።

ለዕጣ የሚጣለው ብዙ ጎን ያለው ጠጠር መናኸሪያ ሲወርድ እንደጠፋበት ዳኛው ነገረን። ይህንንም አላመንኩትም፤ ግን ምን አደርጋለሁ። በምትኩ ከአጥሩ ቀርከሃ ቆርጠን፣ ሰንጥቀን፣ ጣት የሚያህሉ ቁራጮች ሠራን። በጋለ ምስማር ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር አተምንባቸውና ከአሮጌ ሱሪ ኪስ በተሰፋች ከረጢት ጨመርናቸው። ዳኛው እጁን ይሰድዳል፣ አንዱን ያወጣል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብባል፣ መልሶ ይጨምረዋል። ትልቅ ቁጥር ይረዳል፣ ትንሽ ቁጥር ይጥላል። ክፍሉ ሁሉ ቀርከሃ ቀርከሃ ይሸት ነበር።

አራተኛው የመጣው በኋላ ነው። ከዘንገና አካባቢ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ እንደ እኔ ተከራይ፣ ቀጠን ያለ፣ አንገቱ ግን ወፍራም። ከቤተሰቡ ጋር በአውኝኛ ነበር የሚያወራው፤ አማርኛው የትምህርት ቤት አማርኛ ስለሆነ ቃሉን መርጦ ይናገራል። እኔ ደግሞ አውኝኛ ስለማልሰማ፣ በዚያ ቋንቋ ሲያወራ ባየሁ ቁጥር ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

ዳኛው "መሣሪያህን ምረጥ" አለው።

"አልፈልግም።"

"ጦር? ዱላስ?"

"ምንም። እታገላለሁ።"

ቀስተኛው ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በዚያ ሰሞን፣ ሕፃኑ ሁሉ እንጨት እንደ ጠመንጃ በሚደግንበት ሰሞን፣ በጨዋታ እንኳ መሣሪያ አልይዝም የሚል ጎረምሳ አንድ የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ልቤ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ባዶ እጁ ሆነ።

መጽሐፉ ስለ ባዶ እጅ ፍልሚያ የሚለውን ዳኛው ሲተረጉምልን አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀ። መጀመሪያ ልትይዘው ስትጠጋ ባለመሣሪያው በነፃ ይመታሃል። ከተረፍክ ልትነካው ዕጣ ታወጣለህ። ከነካኸው ልትይዘው ሌላ ዕጣ። ከያዝከው የሁለታችሁ ቁመት ይነጻጸራል፣ ጉልበት ይደመራል፣ ይቀነሳል፣ ከዚያ ደግሞ የዞረው ማን ነው፣ የተቀመጠው ማን ነው እያለ ይቀጥላል። ዳኛው ራሱ ላብ አጠመቀው። በሰይፍ ሰው መግደል አንድ መስመር ነው፤ ሰው አንቆ ይዞ ማቆየት ሦስት ገጽ ሆነ።

ባዶ እጁ አዳመጠና "ይህን የጻፈው ሰው ታግሎ አያውቅም" አለ።

"አንተ ታውቃለህ?" አልኩት።

"እኛ ጋ እንዲህ አይደለም።"

ዝናቡ ጋብ ሲል ግቢው ውስጥ ወጥተን አሳየን። በእነሱ መንደር ልጆች ሲታገሉ መጀመሪያ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳያሉ፤ የያዝኩት ነገር የለም ማለት ነው። ያኛውም የያዘውን ያስቀምጣል። ጀርባው መሬት የነካ ተጣለ። ነገር ግን የጣለው ሰው የወደቀውን እጁን ይዞ እስኪያነሳው ድረስ ማሸነፉ አይቆጠርለትም። ካነሳው በኋላ ደግሞ ሁለቱ ያን ቀን ጀንበር እስክትጠልቅ አይጣሉም። ቢጣሉ ለአባቶቻቸው ነውር ነው።

ቀስተኛውን በእርጥብ ሣር ላይ እንደ ጆንያ አጋድሞ፣ ወዲያው እጁን ይዞ አነሳው። ቀስተኛው ጀርባውን እያሸ "ይሄማ ጥሩ ሕግ ነው፤ ለወደቀውም ያስባል" አለ።

የመጽሐፉን ሦስት ገጽ ትተን የእነሱን መንደር ሕግ ወሰድን። ጨዋታው ከዚያ በኋላ መልኩ ተለወጠ። እኔ ሰይፌን ስመዝ ባዶ እጁ ቀድሞኝ መዳፉን ያሳያል። ሽፍታውን ይጥላል፣ ያነሳዋል፤ ሽፍታው ያን ቀን ከእኛ ጋር እራት ይበላል። ጭራቁን ይጥላል፣ ያነሳዋል፤ ጭራቁ መንገድ ያሳየናል። ሰይፌ ዝጎ ሊቀር ነው ብዬ ተናደድኩ። ደግሞ ዕጣው ሁልጊዜ ለእሱ ነው የሚያዳላው። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። ለእኔ ግን አራት።

ከረጢቷን ለብቻዬ አውጥቼ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ዳበስኳቸው። አንጓ ያለው አለ? የተሸረፈ ምልክት አለ? ምንም አላገኘሁም። ባዶ እጁ ከረጢቷን እንደማይነካትም አውቅ ነበር። ታዲያ የሚያነብበው ማን ነው? ዳኛው። ዓይኔን ወደ ዳኛው አዞርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብርሃኑ ጥሩ ነው ብዬ ከጎኑ፣ መስኮቱ ሥር መቀመጥ ጀመርኩ።

ግንቡ በር ላይ የደረስነው አንድ ዝናባማ ከሰዓት ነው። በሩን የሚጠብቅ ግዙፍ አለ፤ ማንንም አያሳልፍም። እማማ የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ በሳህን፣ ጎኑ ላይ ሚጥሚጣ አድርገው አምጥተውልን ነበር፤ ጣታችን እየተቃጠለ እንልጣለን። ባዶ እጁ "መዳፌን አሳየዋለሁ" አለ። ዳኛው እጁን ከረጢቷ ውስጥ ሰደደ። አወጣ።

"ሦስት" አለ። "ግዙፉ ጣለህ።"

እኔ ግን አይቻለሁ። በጣቶቹ መካከል፣ በምስማር የተተኮሰው ጥቁር ቁጥር አሥራ ስምንት ነበር። መልሶ ከተተው።

ሰው ለማሸነፍ ሲያጭበረብር አውቃለሁ። ለመሸነፍ ሲያጭበረብር ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ባዶ እጁ ቅር አላለውም፤ ድንቹን እየላጠ ሳቅ አለ። ግዙፉ በሕጉ መሠረት ጎንበስ ብሎ አነሳው። ካነሳው በኋላ ደግሞ ያን ቀን ሊጣላን ስለማይችል በሩን ለቀቀ። ቀስተኛው አጨበጨበ። እኔ የሁለቱን ዓይን ተራ በተራ አየሁ፤ አንዱም አላየኝም። ነገ ስንገናኝ በሁሉም ፊት አወጣዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ያን ዕለት ስንለያይ እማማ ገብተው ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ካርታ አዩ።

"ይሄ ካርታ የማን አገር ነው?"

"የሌለ አገር ነው እማዬ" አላቸው ዳኛው።

"የሌለ አገር ካርታ ምን ያደርግለታል? ደግሞ ድምፃችሁን ቀንሱ። በሩን እንሰብራለን፣ ጠባቂውን ያዘው ስትሉ አጥር ድረስ ይሰማል። ሰው ምን ይላል?"

ሳቅን። ሰው ያለውን ግን በማግስቱ ከሰዓት አየነው።

የታጠቁ ሰዎች ግቢ ገቡ። ማን ነገራቸው? እስከ ዛሬ አላውቅም። ለብዙ ጊዜ የጎረቤቱን ሰው ሁሉ በየተራ ጠርጥሬያለሁ፤ ውሃ ቀጂዋን፣ ባለሱቁን፣ አንዴም ቀስተኛውን ራሱን፣ ያን ቀን ሳይመጣ ስለቀረ። ሰዎቹ ካርታውን አነሱ፣ ከረጢቷን ገለበጡ። ቁጥር የተተኮሰባቸው ቁራጮች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

"ይሄ ቁጥር የምንድን ነው?" አለ መሪያቸው፤ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ዕድሜው ግን ከእኛ እምብዛም የማይበልጥ ወጣት።

"የዕጣ ነው" አለ ዳኛው። ከንፈሩ ነጥቷል። "ለምሳሌ ጠባቂው አሥራ አራት ካወጣ..."

"የትኛው ጠባቂ?"

"የግንቡ።"

"የየትኛው ግንብ?"

ባብራራ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። ጨዋታ ነው ብንል ማን ያምናል? እኔ ራሴ በእነሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። "ተነስ፣ እዚያው ታስረዳለህ" አለው። እማማ የመሪው እግር ላይ ወደቁ። "ልጄ ነው፣ ልጄን አትውሰድብኝ" ሲሉ ያ ከፍ ያለ ድምፃቸው ተሰብሮ እንደ ሕፃን ቀጠነ። ያን ሰሞን ለማስረዳት የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። 

ያን ጊዜ ባዶ እጁ ወደ ግቢው ወጣና በአውኝኛ ተናገረ። ምን እንዳለ አልገባኝም። መሪው ዞር ብሎ በአውኝኛ መለሰለት። ይተዋወቃሉ፣ ይሄው የምጠረጥረው ነገር አልኩ። ባዶ እጁ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ፤ የዝናቡ ካፊያ ላያቸው ላይ ይወርድ ነበር።

ሰውዬው ጓደኛውን አየ። ጓደኛው በአማርኛ "ተወው እባክህ፣ እንሂድ" አለው። እሱ ግን የሆነ ነገር ፊቱ ላይ መጣ፤ እልህም ጨዋታም ያለበት፣ የጎረምሳ ፊት። ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ መዳፉን አሳየ።

ብዙ አልቆየም። ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ፣ አንዴ ዞሩ፣ የሰውዬው ከስክስ ጫማ ጭቃውን አረሰው። ባዶ እጁ ወደቀ። ጀርባው ጭቃ ላይ ሲያርፍ የወጣውን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ሰውዬው እያለከለከ፣ እየሳቀ፣ ምንም ሳያስብ ጎንበስ አለና እጁን ይዞ አነሳው።

ካነሳው በኋላ ነው ሳቁ ፊቱ ላይ የቀዘቀዘው። እጁን ሳይለቅ ባዶ እጁን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እኛን፣ መሬት ላይ ያሉትን እማማን አየ።

"ዛሬ ከዚህ ግቢ ሰው አልወስድም" አለ።

ጓደኛው "ምን ማለት ነው?" ብሎ ተቆጣ። መሪው ጠመንጃውን ተቀብሎ፣ ካርታውን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ፣ በር ላይ ሲደርስ ለባዶ እጁ በአውኝኛ አንድ አጭር ነገር ተናግሮ ወጣ።

ባዶ እጁ ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ በርሜል ጋ ሆኖ የጀርባውን ጭቃ ሲታጠብ ሄድኩበት።

"ምንድን ነው ያለህ?"

"ጀንበር ከጠለቀች በኋላ እንዳላገኛችሁ አለ።"

"አውቀህ ነው የወደቅከው?"

"መሬቱ አዳለጠኝ።"

"አሥራ ስምንቱን አይቻለሁ እኮ።"

ፊቱን በውሃ አሽቶ ሳቀ። "አንቺ ሰው አታምኚም" አለኝ።

"አላምንም።"

"እንግዲያ እኔንም አትመኚኝ።"

ጀንበር ሳትጠልቅ ተበተንን። እማማና ልጃቸው በጓሮ በኩል ወደ ዘመድ ቤት ሄዱ፤ እኔ ከእነሱ ጋር። ባዶ እጁ ፌስታል አንጠልጥሎ በእግር መንገዱ ወደ ዘንገና ወጣ። ተሰናብቶኝ ጥቂት እንደሄደ ዞር ብሎ መዳፎቹን አሳየኝ። ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ቀርከሃው ከሸተተኝ ማግስት ዳኛው ጋ ደወልኩ። አሁን ባሕር ዳር ነው፣ አግብቷል፣ ድምፁ ወፍሯል። በቀጥታ ጠየቅሁት።

"የጨዋታውን ልንገርሽ" አለኝ። "እሱ ነው የለመነኝ። ግዙፉ ካልጣለኝ አያነሳኝም፣ ካላነሳኝ ደግሞ በሩን አይለቅም አለኝ። የግቢውን ግን አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ሰውዬው እኮ ግዙፍ ነበር።"

ይህ መልስ አላስተኛኝም። አየህ፣ መሬቱ እውነት አዳልጦት ከሆነ ዕድል ነው ያተረፈን፤ ዕድልን ማንም አያመሰግንም። አውቆ ከሆነ ግን ለእኛ ብሎ ነው ጭቃ ላይ የተኛው፣ እኔም በርሜሉ ጋ ቆሜ እንደ ሌባ መርምሬዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ባጃጅ ይዤ ወደ ዘንገና ሄድኩ። ባጃጁ ካቆመበት ሰው እየጠየቅሁ በእግር ተጓዝኩ።

አባቱን አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ቀርከሃ እየሰነጠቁ ነበር። የልጃቸውን ስም ስጠራ ገጀራው አየር ላይ ቆመ። ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ አዩኝ።

"ከየት ታውቂዋለሽ?"

"እንጅባራ ተከራይተን አብረን ነበርን። አብረን እንጫወት ነበር።"

"ምን ጨዋታ?"

"ትግል ነበረበት። በወረቀት ላይ።"

"ትግል በወረቀት?" አሉ። ግንባራቸው ተኮማተረ። እኔ ድንች ሻጭ ፊት ስቆም የማደርገውን ያንኑ ፊት አየሁባቸው፤ አልተቀየምኩም። የመንደሩን ሕግ፣ መዳፍ ማሳየቱን፣ ማንሳቱን አንድ በአንድ ስነግራቸው ቀስ ብሎ ግንባራቸው ተፈታ። የምቀመጥበት ዱካ አቀረቡልኝ፤ አጭር ነበርና ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ።

ልጃቸው ከከተማ እንደተመለሰ ብዙም አልቆየም አሉኝ። ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወረደ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ቀረ። የሄደ ሁሉ አይደውልም ይላሉ ሰዎች። እናቱ ይደውል ይሆናል ብላ አሁንም ስልኳን ቻርጅ ለማስደረግ ከተማ ትልካለች። ይህን ሲሉ ቀርከሃውን እንጂ እኔን አላዩኝም።

ከዚያ ቀና አሉ።

"ትግል አልሽኝ" አሉ። "እዚህ አገር ያልታገለው የለም። ከእሱ የሚበልጡትን፣ ሚስት ያገቡትን ሳይቀር ጥሏል። ጀርባው መሬት ነክቶ አያውቅም፣ አንድ ቀን እንኳ። ይህን የሚያውቀው አገሩ ሁሉ ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እናንተ ጋስ? ከተማ ጉልበተኛ አይጠፋም። የጣለው አለ?"

የመጣሁበትን አገኘሁት። ለዓመታት የጠረጠርኩት ነገር በእኚህ ሽማግሌ አፍ ተመለሰልኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ጭቃውን፣ እማማን፣ ሳይወሰድ የዳነውን ዳኛ። ግን ዓይናቸውን አየሁት። ከልጃቸው የቀራቸው ይህ ብቻ ነበር፣ ወድቆ አለማወቁ። ይሙት ይኑር ሳያውቁ ወደቀ ብዬ መጀመር ከበደኝ።

"የለም አባቴ" አልኩ። "እኛም ጋ ወድቆ አያውቅም።"

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እንዳላመኑኝ ታወቀኝ፤ የማያምን ሰው ዓይን እኔ ነኝ የማውቀው።

"እንዳልሽ ይሁን" አሉ።

እንዳይመሽብኝ ልነሳ ስል ዱካው አጭር ነበርና ተንገዳገድኩ። ገጀራውን መሬት አስቀመጡ። መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ፣ ዘረጉልኝና ይዘው አነሱኝ። እጃቸው እርጥብ ቀርከሃ ይሸት ነበር፤ ቶሎም አልለቀቁኝም።